ሰባት ቤት ስንቆጥር

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የስልክ ጥሪ ነው። ልንጋባ የተስማማነው ልጅ ከአክስቱ ጋር አውርቶ ሲጨርስ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ሰባት ቤት ይቆጠር ነው የሚሉት።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን። የሱ አባት የሞጣ ሰው ናቸው፤ የኔ አባት የሮብ ገበያ። ለኛ ለከተማ ልጆች ሁለቱም ያው «ጎጃም» ነው። አክስቱ ግን አገሩን ያውቁታል። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ሰው አንድ ገበያ ሲወጣ፣ ሲጋባ፣ ሲካሰስና ሲታረቅ የኖረ ነው። «ዘመዳሞች ብትሆኑስ? ደም እንዳትቀላቅሉ!» ብለውታል።

ሕጉ እንዲህ አይጨነቅም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚከለክለው የቅርቡን ዝምድና ነው፤ ወላጅና ልጅን፣ ወንድምና እህትን፣ አክስትና አጎትን። ልማዱ ግን እስከ ሰባት ትውልድ ይሄዳል። «ታዲያ ይቆጠራ» አልኩ። ምን ችግር አለው? ማታ ደብተር አወጣሁና ሒሳቡን ሠራሁት። እናትና አባት ሁለት። አያቶች አራት። ቅድመ አያቶች ስምንት። እንዲህ እያለ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሰው ይደርሳል። ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ሲደመር 254። ይሄ የኔ ብቻ ነው፤ የሱም ያንኑ ያህል ነው።

ከ254ቱ የማውቀውን ጻፍኩ። ዘጠኝ ስም ሆነ።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ «እገሌ የማን ልጅ ነው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። መታወቂያዬ ላይ ያለው ሦስት ስም ነው፤ የኔ፣ የአባቴና የአያቴ። ከኔ በላይ ያሉት ሁለቱም ወንዶች ናቸው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን በየትውልዱ አንድ ስም ከላይ ይወድቃል። እናት ደግሞ መጀመሪያውኑ አትገባም። የእናቴን እናት ዕድሜዬን ሙሉ «እምዬ» ስል ኖሬ ስሟን ልብ ብዬ የሰማሁት በቀብሯ ቀን ነው፤ ያውም የክርስትና ስሟን።

በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን አንዲት የስኮትላንድ ሴት አብራን ትሠራ ነበር። ነገሩን ስነግራት ዓይኗ በራ። እሷም ለካ ለዓመታት የቅድመ አያቶቿን ስም ስታሳድድ ኖራለች! በነሱ አገር መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። ከዚያ በፊት ያለው የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ከተረፉት ሁሉ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1553 ይጀምራል። ይህን ሁሉ ወረቀት ይዛ እንኳ መንገድ ላይ ቀርታለች። በአንድ አጥቢያ፣ በአንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሦስት ሰዎች አገኘች። የቷ ነው የኔ? ከዚያ በላይ ስትወጣ ደግሞ ወረቀት ላይ የሚገኘው ባለመሬቱ ብቻ ነው፤ የሚጻፈው የመሬት ስጦታና የፍርድ ቤት ክርክር ስለሆነ። አንድ ነገር ግን አስቀናኝ። በስኮትላንድ መዝገብ ሴት አግብታም በአባቷ ስም ትጻፋለች። እኛም ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ልዩነቱ እነሱ መጻፋቸው ነው።

«የናንተ መዝገብ መቼ ነው የጀመረው?» አለችኝ።

«በ2008» አልኳት። የቀልድ መሰላት።

እውነቴን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ክፍሉ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ታግዶ ቀረ። አሁን የምንመዘገብበት አዋጅ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ነው። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ እንኳ የተካሄደው በ1976 ነው። አያቴ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ዘጠኝ ልጅ ወልዶ፣ አንድም ሰው በወረቀት አልቆጠረውም።

በ2014 ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ ወስጄ ወጣሁ። ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ዛሬ እንደ ልብ አይኬድም። ዓባይን ተሻግሬ፣ ከደጀን ወደ ቢቸና ታጥፌ፣ ደብረ ወርቅን አልፌ ሮብ ገበያ ስገባ ቀኑ ሰኞ ነበር። ያረፍኩት አባባ ቤት ነው። አባባ የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እግሬን አሳጥበው፣ እንጀራ በአይብ አብልተው፣ ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው «ይሄ ነው የቸገረሽ? ነገ በጧት እነግርሻለሁ» አሉኝ።

እኔ ግን ከተሜ ነኝና ከሰው አፍ ይልቅ ወረቀት አምናለሁ። በማግስቱ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አጥቢያው መርጌታ ነው። እዚህ አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም አለ፣ መርጡለ ማርያም አለ። እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ገዳማት ባሉበት አገር ብራና አይጠፋም ብዬ ነበር። በጎንደር ነገሥታት ዘመንና ከዚያም በኋላ የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ እንደነበር አንብቤያለሁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ድረስ ሄዷል። ከመውጣቴ በፊት ሌሊት ሌሊት እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ስልኬ ላይ እያጎላሁ ሳይ ነው የከረምኩት።

መርጌታው በትዕግሥት ሰሙኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «በወንጌል ኅዳግ የሚጻፈው እኮ ንጉሡ ወይ መኳንንቱ ለደብሩ ጉልት ሲሰጡ ነው። እገሌ ይህን መሬት ሰጠ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ ናቸው፣ ይህን ያፈረሰ ውጉዝ ይሁን ይላል። ያንቺ አባቶች ሰጪም ተቀባይም አልነበሩ። አራሾች ናቸው። ማን ይጽፋቸዋል?»

«ክርስትና ሲነሡስ?»

«ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ስሙን ካህኑ ያውቃል፣ እናት ታውቃለች። መዝገብ የመጣው አሁን በኛ ዘመን ነው።» ቀጠሉና «ቢጻፍስ ምን ይጠቅምሻል? ወለተ ማርያም ይላል። በዚህ አጥቢያ ስንት ወለተ ማርያም እንደተቀበረች ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ያኔ የስኮትላንዷ ሴት ሦስት ሰዎች ትዝ አሉኝ። የኛማ ይብሳል። አንድ ሰው ሁለት ስም አለው። ጎረቤት የሚያውቀው ስም ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ስም ከግቢው አይወጣም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሰው ሲሞት አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይቀራል።

ማታ አባባ እሳት ዳር ተቀመጡና ቆጠሩልኝ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ነበር የሚወርዱት፤ ትንፋሽ አይወስዱም። ስልኬን ከፍቼ ቀዳሁ። አሥራ አንድ ትውልድ! ከያንዳንዱ ስም ጋር መሬት አለ። ይሄኛው የወንዙን ማዶ ያቀና፣ ያኛው ከወንድሙ ጋር ተካሶ ግማሹን የወሰደ። በመሐል ሁለት ሴቶችም ነበሩ። ገረመኝ። እኔ ወንድ ብቻ ይቆጥራሉ ብዬ ነበር።

«እነዚህ ሁለቱ ለምን ተቆጠሩ?»

«ርስቱ በነሱ በኩል ነዋ የመጣው!»

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። የጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ከመሬቱ አቅኚ አባት መወለዱን ያስረዳ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ዘር ማወቅ ጨዋታ አልነበረም፤ ክርክር ነው። ዘሩን በደንብ የሚቆጥር ይረታል፣ የማይቆጥር ይነቀላል። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አጥኚ በ1950ዎቹ ጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፏል። አባባ ግን ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። «ዘር የሚቆጠረው ሲበላበት ነው።»

አባባ በ1960 ጎልማሳ ነበሩ። ያኔ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የሞጣ፣ የቢቸናና የሌላውም አካባቢ ገበሬ «ግምት ሊሉ መጥተው ርስታችንን ሊለኩት ነው» ብሎ ገማቾቹን አላስገባም አለ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላን መጣ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ፣ ገበሬውም አልተገመተም። አባባ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ደረታቸውን ይነፋሉ። እኔም ኮራሁ። ግን ወዲያው ሌላ ነገር መጣብኝ። እንደ ደቡቡ አገር ቀላድ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ የየቤቱ ሰው ስም ከነመሬቱ የሰፈረበት መዝገብ ይኖር ነበር። እኔ የምፈልገውን ወረቀት እንዳይጻፍ ያደረጉት የገዛ አያቶቼ ናቸው፤ ያውም ጠመንጃ ይዘው።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ። ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋር የመቁጠር ምክንያቱም ቀረ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ደግሞ «ቢሮክራት»፣ «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለው መሬቱ ተቀንሶ ለሌላ ሲሰጥ ሰው ሌላ ነገር ተማረ፤ የማን ዘር እንደሆኑ አለመናገርን። አባቴ ለምን እንዳልነገረኝ ማሰብ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው። የተወለደው መቁጠር በሚያበላበት ዘመን፣ ያረጀው ዝም ማለት በሚያበላበት ዘመን ነው።

አባባ ከነገሩኝ ውስጥ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የሳቸውን አባት ጠሩ፣ የአባታቸውን አባት ጠሩ። የአባታቸው እናት የሉም። «እሷስ?» ስል እሳቱን ቆሰቆሱ። «መሽቷል፣ ተኚ» አሉኝ።

ረቡዕ ጧት ወደ እማሆይ ሄድኩ። እማሆይ የአባባ ታላቅ እህት ናቸው፤ ቆብ ከጫኑ ቆይተዋል፤ የሚኖሩት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች አንዲት ጎጆ ውስጥ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። እጄን ይዘው ሰሙኝ።

«አባባ የአባታቸውን እናት ዘለሏት» አልኳቸው።

ዝም አሉ። መቁጠሪያቸውን ሲያዞሩ ቆዩና «እሱ ምን ያድርግ፣ ዝለሉ ተብለን ነው ያደግነው» አሉኝ።

ሸክላ ሠሪ ነበረች። ረቡዕ ረቡዕ ማሰሮና ገንቦ ተሸክማ ሮብ ገበያ ትወጣለች። የእማሆይ አያት፣ ባለርስት ጎረምሳ፣ በየሳምንቱ ማሰሮ መግዛት ጀመረ። «አንድ ቤት ስንት ማሰሮ ይፈልጋል?» አሉና እማሆይ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ እንደ ልጅ። ወሰዳት። ዘመዶቹ አበዱ። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ያኔ ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፤ አብሮት አይበላም፣ አይጋቡትም። ልጇ አድጎ ድርሻውን ሲጠይቅ የአጎቶቹ ልጆች «የጠይብ ልጅ ርስት አይቆረስለትም» ብለው ተሟገቱት። እሱም ዳኛ ፊት አባቱን ብቻ ጠራ። እናቱን አልጠራም። ረታ። ለልጆቹም እንዳይጠሯት ነገራቸው።

«እርስዎ አይተዋታል?»

«ልጅ ሆኜ። እጇ ሻካራ ነበር። ራሴን ስትዳብሰኝ ፀጉሬ ይያዝባት ነበር።»

«ስሟ ማን ነው?»

«እናቴ ‹የሮብ ገበያዋ› ነበር የምትላት። የክርስትና ስሟን የነፍስ አባቷ ያውቁ ነበር፤ እሳቸውም ሞቱ።»

«ከሷ በላይስ?»

«ከሷ በላይማ ማን ጠየቀ፣ ልጄ።»

ሴትዮዋ ለኔ አራተኛ ቤት ላይ ነች። ከሷ በላይ እስከ ሰባተኛው ቤት ያሉት አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። አሥራ አራቱም የሉም። የጠፉት ወረቀት ስላልነበረ አይደለም፤ የአባባ አሥራ አንድ ትውልድም ወረቀት አልነበረውም። እነሱን መጥራት ያስከፍል ስለነበር ነው።

ስነሣ እማሆይ እጄን አለቀቁም። «በጸሎቴ ‹የሮብ ገበያዋን ነፍስ ማርልኝ› እላለሁ፤ እሱ ያውቃታል» አሉኝ።

ወደ ገበያው ወረድኩ። ሸክላ የሚሸጡት ዳር ላይ ናቸው፤ ዛሬም ዳር። አንዲት ትንሽ ማሰሮ ገዛሁ። ሻጯ ሴት «ለምን ይሆንሻል፣ እናንተ ከተማ በብረት አይደል የምትሠሩ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፎቶ ላነሳት ፈልጌ ተውኩት።

ማታ አባባ ጓዳ ጠሩኝና በሹክሹክታ «ሰምተሻል መሰለኝ» አሉኝ። «ሰምቻለሁ።» «እንግዲህ ለነሱ ስትቆጥሪ በአባቱ በኩል ውጪ። ዝለያት። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዝምድና ብቻ እንዳይመስልሽ፤ አጥንትም ይታይበታል።» ልክ ናቸው። የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ ሰብለን ለማግባት እንቅፋት የሆነበት «ዘር» አይደል? ሐዲስ ዓለማየሁ ያን በ1958 አሳተሙት። እኛ ሁላችንም አንብበን አልቅሰናል። አልቅሰን ስናበቃ የትዳር ነገር ሲመጣ «የማን ዘር ነች?» እንላለን።

አዲስ አበባ ስመለስ ለእጮኛዬ ነገርኩት። «ታዲያ ምን አለበት?» አለ መጀመሪያ። ቆይቶ፣ ስኒውን እያየ፣ «ለአክስቴ ግን ባትነግሪያት» አለ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እሱም በዚያው ቤት ነው ያደገው። ያን ሌሊት ግን ከኔ ይልቅ ለሷ አዘንኩ። ልጇ ለመሬት ብሎ ካዳት። የልጅ ልጆቿ ለክብር ብለው ዘለሏት። እኔ ደግሞ ለሠርግ?

የቆጠራው ቀን አክስቱ ቤት ተሰበሰብን። ከሱ ወገን አንድ ሽማግሌና የንስሐ አባታቸው፣ ከኔ ወገን አጎቴ። መጀመሪያ የሱ ተቆጠረ። ሽማግሌው እንደ አባባ በአንድ ትንፋሽ ወረዱት። ያኔ ነው መዝለል ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ትንሽ ፈጠን አሉ፤ የአንድ ሰው ያህል። ቀና ስል አክስቱ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ ነበር።

ተራው የኔ ሆነ። አጎቴ ሊጀምር ሲል «እኔ ልቁጠር» አልኩ። ደብተሬን ከፈትኩ። ከ254ቱ ሠላሳ ስምንት ስም ይዤ ነበር። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ጠራሁ። «የሱ እናት» አልኩ፣ «ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የሮብ ገበያዋ ይሏቸዋል። ከሳቸው በላይ አይታወቅም።»

አጎቴ ግንባሩን ያዘ። ቤቱ ዝም አለ።

«አይታወቅም ማለት፣ አንገናኝም ማለት ነው ወይስ አልታወቀም ማለት ነው?» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

«አልታወቀም ማለት ነው» አልኩ።

የንስሐ አባታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እስካወቅነው ድረስ አልተገናኙም» አሉ። በዚያ ተነሣን። አክስቱ በር ድረስ አልሸኙኝም። ሠርጋችን ላይም አልመጡም፤ ታመው ነው ተባለ።

እማሆይ በዚያው ዓመት አረፉ። ስለሳቸውም ስለዚያች ሴትም የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረም፤ ከደብተሬ በስተቀር።

ባለፈው ክረምት ማታ ስልኬ ጠራ። አክስቱ ናቸው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስል።

«ያ ደብተር አለ?»

«አለ።»

«የኛን ስንቆጥር የዘለልናት አንዲት ሴት አለች» አሉኝ። «የአያቴ እናት ናት። ስሟን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እንግዲህ አርጅቻለሁ። ትጽፊያታለሽ?»

እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሣሁ።